የአያቶቻችን ኮሶና የልጆቻችን ሆድ

ከመምህሩ ጠረጴዛ

ባለፈው ዕትም ልጆች የማባዣ ሠንጠረዥን ቤታቸው እንዴት ማጥናት እንደሚችሉ ልንጽፍ ቃል ገብተን ነበር። ይቅርታ፣ እሱ ለሚቀጥለው ይቆየን። በዚህ ወር አንድ ጉዳይ ተነስቶ ብዙ ወላጆች ስለጠየቁን እሱን አስቀድመናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለተማሪዎች የትል ክኒን የሚታደልበት ቀን ሲቃረብ አንዲት እናት ክፍላችን ድረስ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሽታው ቀድሞ ነገረን። ኮሶ ነው፤ ቀይ፣ የደረቀ፣ ከነዘለላው። ከአገር ቤት በሞያሌ በኩል ሰው ይዞላት መጥቶ ነው።

«መምህር፣ ይኸው ልጄ ከሳብኝ፣ ፊቱም አመድ መሰለ። ትል ነው። ክኒኑን ግን እንዳይሰጡብኝ። እኛ በኮሶ ነው ያደግነው፣ እሱንም በኮሶ አሽረዋለሁ። ቅዳሜ ላጠጣው ነው፤ ሰኞ ቢቀር እንዳይቆጡት ብዬ ነው የመጣሁት» አለችን።

ልጁ 9 ዓመቱ ነው። እውነቱን ለመናገር አፋችን ላይ የመጣው «ኧረ ተይ!» የሚል ነበር፤ ግን ዋጥነው። ሴትየዋ የተናገረችው ባዶ ወሬ አይደለምና።

ኮሶ ተረት ነው የሚል ሰው ካለ ታሪኩን አያውቅም። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ አበባውን ወቅጠው፣ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጠው ይጠጡት ነበር። የጠጣ ሰው የዚያን ቀን ሥራ አይወጣም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ አለቃውም አይጠይቀውም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን በ1790 ሲያሳትም የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉ አስገብቶታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች አበባውን ከእኛ አገር እያስመጡ ይሸጡ ነበር። አፄ ቴዎድሮስንም ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። (ስድቡ ለምን ስድብ እንደሆነ እስካሁን አልገባንም። ኮሶ ሻጭ ባይኖር ያ ሁሉ ጥሬ ሥጋ የሚበላ መኳንንት ምን ይውጠው ነበር?) እኛም ብንሆን በልጅነታችን እናታችን አፍንጫችንን ይዛ አጠጥታናለች። «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚባለው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ነው የገባን።

ስለዚህ ክርክራችን ኮሶ ይሠራል አይሠራም አይደለም። የሚገድለው የትኛውን ትል ነው የሚለው ነው።

በአማርኛችን መድኃኒቱ ለበሽታው ስሙን አውሶታል። «የኮሶ ትል» የምንለው ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የከብት ሥጋ በመብላት የሚመጣውን፣ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነውን ረጅሙን ትል ነው። መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን በፎርማሊን ተነክሮ በብልቃጥ ተቀምጦ አይተነዋል፤ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። ኮሶ ስሙ የሚነሳው በዚህ ትል ላይ ነው። እንቆቆና መተሬም እንዲሁ።

ታዲያ እስቲ እንጠይቅ። የራሽን እህልና ጥራጥሬ እየበላ ያደገ የ9 ዓመት ልጅ ጥሬ ሥጋ ከየት አገኘ? በእንዲህ ያለ ኑሮ ልጆችን አብዝተው የሚያጠቁት ሌሎች ናቸው። አንዱ ስንራብ «ጮኸ» የምንለው ወስፋት ነው፤ ከ15 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ሴቷ በቀን 200,000 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ሌላው ጅራፍ የሚመስለው ቀጭኑ ትል ነው። ሦስተኛው መንጠቆ ትል ይባላል። ቁመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግን ክፉው እሱ ነው። እርጥብና ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ ይፈለፈላል፣ ለምሳሌ ቦኖው አካባቢ፤ የባዶ እግር ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ከዚያ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። የአመድ ፊት ከዚህ ይመጣል።

እናቲቱን የለመንናት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እህቴ፣ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ክሊኒክ ወስደሽ ሰገራውን አስመርምሪልን። የኮሶ ትል ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን» አልናት። ፊቷ ባይፈታም እሺ አለች። ሐሙስ ወረቀቱን ይዛ መጣች። መንጠቆ ትል።

አስቡት እንግዲህ። ቅዳሜ ኮሶውን ቢጠጣ ኖሮ፣ ደሙን የሚመጥጠው ትል እዚያው እንደተጣበቀ፣ ልጁ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ በቱርካና ምድር፣ ውሃ በጄሪካን ተቆጥሮ በሚገኝበት ቤት፣ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ይውል ነበር።

አንዳንድ አዛውንቶች «እኛ ስንጠጣ እኮ በዓይናችን እናየው ነበር፣ ሙሉውን ይወጣል» ይሉናል። ልክ ናቸው፣ ይወጣል። ነገር ግን የኮሶ ትል ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ሰውነቱ ሜትር በሜትር ቢወጣም በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ መልሶ ያድጋል። ኮሶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውነቱን አውጥቶ ጭንቅላቱን ይተዋል። በየሁለት ወሩ ይጠጡ የነበረውም ለዚህ ነው። ልማዱ ራሱ መድኃኒቱ ትሉን ከሥሩ እንዳልነቀለው ይመሰክራል፤ እኛ ግን ስንት ዘመን ልማዱን እንደ ንጽሕና ቆጥረነው ኖርን።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። «ዩኒቨርሲቲዎቹ እኮ ቅጠሉን መርምረው እንደሚሠራ አረጋግጠዋል፣ በሬዲዮ ሰምተናል» ያሉን ወላጆች አሉ። አዎ፣ ይመረምራሉ፤ ይበል የሚያሰኝ ሥራም ነው። ግን ተመራማሪ «ሠራ» ሲልና እኛ «ሠራ» ስንል አንድ ቋንቋ አንነጋገርም። ይህን ለማሳየት በየጓዳችን ያለውን ድንብላል እንውሰድ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ድንብላል ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የመረጡት ትል በበግና በፍየል ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ደም መጣጭ ነው፤ በሳይንሱ ሄሞንከስ ኮንቶርተስ ይባላል። የሰው ትል አይደለም፤ በጠባዩ ግን የመንጠቆ ትል ዘመድ ነው ብንል አልዋሸንም። የድንብላሉ ፍሬ ተፈጭቶ አንዱ በውሃ፣ ሌላው በውሃና በአልኮል ተዘፈዘፈ፤ ጭማቂው ተጣርቶ እንዲደርቅ ተደረገ። ከዚያ የትሉን እንቁላሎች በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከጭማቂው ጋር አኖሯቸው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም እንኳ ባልሞላ መጠን፣ እንቁላሎቹ በሙሉ ሳይፈለፈሉ ቀሩ። አንድም አልተፈለፈለም!

እዚህ ላይ ብናቆም በማግስቱ ገበያ ላይ ድንብላል በጠፋ ነበር። በሬዲዮ የሚነገረውም ብዙ ጊዜ እስከዚህ ያለው ነው።

ተመራማሪዎቹ ግን አላቆሙም። 24 በጎች ወስደው ሆን ብለው በትሉ እንዲያዙ አደረጉ፣ ከዚያም ስድስት ስድስት አድርገው በ4 ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.45 ግራም በውሃ የወጣ የድንብላል ጭማቂ ተሰጠው፤ ሁለተኛው እጥፉን፣ 0.9 ግራም፤ ሦስተኛው አልቤንዳዞል፣ በኪሎ 3.8 ሚሊ ግራም። አራተኛው ምንም አልተሰጠውም። ይህ አራተኛው ቡድን ለምን አስፈለገ ብለው ተማሪዎቻችን ይጠይቁናል። ትል አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ይጨምራል፤ ምንም ያልተሰጠው ቡድን ከሌለ በራሱ የመጣውን ለውጥ ለመድኃኒቱ እንሰጠዋለን። በየቤታችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጠጣ፣ በሳምንቱ ተሻለው፣ ጠጥቶ ነው ዳነ እንላለን። ባይጠጣስ? ሁለተኛ ልጅ አስቀምጠን አላየንም።

ወደ በጎቹ እንመለስ። በ2ኛው ቀን ከፍተኛውን የድንብላል መጠን የወሰዱት በጎች በእበታቸው ውስጥ የሚገኘው የትል እንቁላል በጉልህ ቀነሰ። ደስ ይላል። በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ሲቆጠር ግን የሚባል ልዩነት አልነበረም። የትሎቹ ቁጥር በከፍተኛው መጠን ቀንሶ ተገኝቷል፤ ግን ይበልጥ የቀነሱት ወንዶቹ ትሎች ናቸው፣ እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ናት። ከሁሉም የነካን ደግሞ የደሙ ነገር ነው። አልቤንዳዞል የወሰዱት በጎች ደማቸው ከፍ አለ። ድንብላል የወሰዱት፣ ሁለቱም ቡድኖች፣ ደማቸው አልተመለሰም፣ ባለበትም አልቆየላቸውም።

በብርጭቆው ውስጥ አንድም እንቁላል ያላስፈለፈለው ያው ድንብላል ነው።

ምን ሆነ? ብርጭቆ ውስጥ እንቁላሉ መድኃኒቱ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል፤ መሄጃ የለውም። ሆድ ውስጥ ግን ውሃ አለ፣ ምግብ አለ፣ መድኃኒት የሚያፈርስ የሆድ ጭማቂ አለ፣ ሁሉን ወደ ታች የሚገፋ አንጀት አለ። ትሉ ጋ የሚደርሰው ምን ያህሉ ነው? የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ሒሳቡን እንዲሠሩ ሰጠናቸው፤ 0.9 ግራም 900 ሚሊ ግራም ነው፣ ለ3.8 ሲካፈል 237 እጥፍ ገደማ ይመጣል። ከአልቤንዳዞሉ 237 እጥፍ ተሰጥቶ ያልደረሰበት ማለት ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በዚያ መጠን ብናሰላው 18 ግራም ደረቅ ጭማቂ ይሆናል፤ ፍሬው ራሱ ስንት እጅ እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። በግ ልጅ አይደለም፣ ልጅም በግ አይደለም፤ ሒሳቡን ያመጣነው መጠን ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ተመራማሪዎቹን የምናከብራቸው ያልሠራውንም ከሠራው እኩል ስለጻፉት ነው። ፍለጋውም ከንቱ አይደለም፤ በብዙ አገር የበግና የፍየል ትሎች ያለውን መድኃኒት እየለመዱት ስለሆነ አዲስ ነገር ይፈለጋል። በመተሬም ብዙ ተሠርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ባለሙያዎች ከጀርመን ባልደረባ ጋር የመተሬን ፍሬ ጭማቂ ወደ ክኒን ለመለወጥ ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ በልዩ ነገር ተለብጦ አንጀት ሲደርስ እንዲፈታ ነው ያደረጉት። አያችሁ፣ የብርጭቆውንና የሆዱን ልዩነት እየተዋጉ ነው። ይህ ማለት ግን መድኃኒት ቤት ሄደን የመተሬ ክኒን እንገዛለን ማለት አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ እንዶድንም እናንሳ፤ «እሱም ለትል ይጠጣል» ሲባል ሰምተናልና። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የመጣው ምርምር ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ውሃ ውስጥ ለመግደል ነው። ሰው ሆድ ውስጥ ያለ ትል አልተነካም፣ እንዶድም ለሚጠጣው ሰው መርዝ ነው። እባካችሁ ለልብሳችሁ ተዉት።

ወደ ኮሶው ጥቅልል ስንመለስ፣ ትልቁ ፍርሃታችን መጠኑ ነበር። እናቲቱን «ስንት ልታጠጪው ነው?» ስንላት «አንድ እፍኝ» አለች። የማን እፍኝ? የአያቷ? የእሷ? የልጁ? ኮሶ ደግሞ እየቆየ ሲሄድ ኃይሉ ይደክማል። ዛፉ የደጋ ነው፤ እዚህ ኬንያም በኬንያ ተራራና በአበርዴር ከፍታ ላይ አለ፣ በካኩማ ግን አይታሰብም። እኛ ጋ የሚደርሰው ስንት ወር በጆንያ እንደከረመ ማን ያውቃል? ያረጀውን የለመደ ሰው ትኩስ ሲያገኝ በዚያው እፍኝ ይለካና ጉድ ይሆናል። ጉዱም ማስመለስና ተቅማጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች ተጽፏል። ለነፍሰ ጡርማ ጨርሶ አይሞከርም።

ክኒኑም ቢሆን ተአምር አይደለም፤ ይህን ደብቀን ወላጅ ማሳመን አንፈልግም። አልቤንዳዞል ወስፋትን ጥሩ አድርጎ ይመታል፣ መንጠቆ ትልንም ይመታል፤ በጅራፍ መሰሉ ትል ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሲወሰድ ደካማ ነው። መጠኑ ከ2 ዓመት በላይ ላለ 400 ሚሊ ግራም፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ሕፃን ግማሹ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ክኒኑ ተፈጭቶ በውሃ ይሰጥ እንጂ ሙሉውን አታጉርሱት፤ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ ውስጥም በግድ አትክተቱ፣ ያንቀዋል። በመጀመሪያዎቹ 3 የእርግዝና ወራት አይወሰድም። ሴት ልጅን ያመክናል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በሰገራ ውስጥ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ያየ ሰው ግን ያ የኮሶ ትል ነውና ለክሊኒኩ ይንገር፤ ለእሱ የሚሰጡት ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል የተባሉ ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ክኒን አይበቃውም። ክኒን ወስዶ በባዶ እግሩ ቦኖ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ትሉን መልሶ ይዞት ይመጣል፤ ስለዚህ ጫማ ያለው ጫማውን ለትምህርት ቤት ብቻ አያስቀምጥ።

ልጁ ክኒኑን ወሰደ፤ ለደሙም ክሊኒኩ የብረት ንጥረ ነገር ያለው መድኃኒት ጨመረለት። ይህን ስንጽፍ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ፊቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ኳስ ግን ጀምሯል።

እናቱ ኮሶውን አልጣለችውም፤ እኛም ጣይው አላልናትም። ግማሹን ለሳይንስ ክፍል ሰጥታን በብልቃጥ አስቀምጠነዋል፤ መሽተት የፈለገ ተማሪ ይምጣ።

አንድ ልመና አለን። በየብሎካችሁ ያሉ አዛውንቶች ስለ ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ የሚያውቁትን አስጽፉልን። የቱ የተክሉ ክፍል ነው፣ መቼ ይለቀማል፣ እንዴት ይዘጋጃል፣ ለማን ይከለከላል? ተመራማሪም ቢሆን የሚነሳው ከዚህ ነው፤ እዚህ ያሉት አዛውንቶቻችን ደግሞ ዛፉ ከሚበቅልበት አገር ርቀው ዓመታት አልፈዋል። ወረቀት የሌላችሁ ከክፍል ደብተር ቅጠል ቀደን እንሰጣለን፤ መጻፍ የሚከብዳቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ይምጡ፣ የ7ኛ ክፍል ልጆች ይጽፉላቸዋል።